ስለ ሞተሩ እንከራከራለን፤ ስለ ራሳችንስ? የሞተር ሳይክል ባህልና የመንገድ ደኅንነት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

ለፋኩልቲው ሕዝባዊ የትምህርት መድረክ የቀረበ ንግግር



የዛሬው ርእሴ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ሳያሰኝ አልቀረም። በዚህ መድረክ ስለ ቅኔ፣ ስለ ዜና መዋዕልና ስለ መሬት ሥሪት መስማት ለምደናል፤ ስለ ሞተር ሳይክል ግን አልለመድንም። ይሁን እንጂ ባህል አጠናለሁ የሚል ሰው ሕዝብ ተሰብስቦ የሚከራከርበትን ጉዳይ መናቅ አይገባውም። ነፋስ መውጫ ላይ፣ ወይም አርብ ገበያ፣ ወገዳ፣ መካነ ኢየሱስ ላይ ከአንድ ጋራዥ ደጃፍ ግማሽ ቀን ቁጭ ብሎ የዋለ ሰው አዘውትሮ የሚሰማው አንድ ክርክር አለ፤ «ያማሃ ይሻላል ወይስ ቦክሰር? ቦክሰር ይሻላል ወይስ ቲቪኤስ?» የሚል። በዚህ ክርክር ድምፅ ከፍ ይላል፤ ውርርድ ይገባል፤ አልፎ አልፎም ወዳጅ ከወዳጁ ይኮራረፋል።

እኔ በዚያው አገር ተወልጄ ያደግሁ፣ ከዚያም ለረጅም ዓመታት ለመስክ ሥራ የተመላለስሁ ሰው ነኝ። ከዚህ ክርክር የተማርሁት ብዙ ነው፤ ዛሬ የማስረዳው ግን አንድ ነገር ነው። ይህ የስም ፉክክር ተራ የወጣት ጨዋታ አይደለም፤ በልምድ የተገኘ ብዙ እውቀት የተከማቸበት ነው። ጉድለቱ ያ እውቀት ሞተሩ ላይ መቆሙ ነው። ፒስተኑን፣ ዘይቱንና ጎማውን ጠንቅቆ የሚያውቀው ክርክራችን ከመቀመጫው በላይ ወዳለው ራስ አይደርስም። የዚህንም ዋጋ በሰው ሕይወት እየከፈልን ነው።

አገሩና መንገዱ

አገሩን ለማታውቁት ጥቂት ላስረዳ። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በክምር ድንጋይና በነፋስ መውጫ አልፎ፣ ጨጨሆን ተሻግሮ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው አውራ መንገድ በደርግ ዘመን በቻይናውያን መሐንዲሶች የተሠራ ነው። ሽማግሎቻችን ዛሬም «የቻይና መንገድ» ይሉታል። ከእርሱ በስተ ደቡብ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ይገኛሉ። በአንድ ወገን ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጉና ቆሟል፤ በሌላው ወገን ምድሩ እየተቆረጠ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ነፋስ መውጫ ራሷ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ስሟንም ያገኘችው በከንቱ አይደለም። ከአስፋልቱ ተገንጥሎ በኮረኮንች የሚሄድ ሞተረኛ ጠዋት በውርጭና በጉም ተነሥቶ ቀትር ላይ ቆላ ሊገባ ይችላል።

ይህ አገር ለመንኮራኩር የሚመች አለመሆኑ የቆየ ታሪክ አለው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲወስዱ ሰባ ኩንታል ያህል የሚመዝነው መድፍ የተጓዘው በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ መንገዱም ከፊቱ እየተቆረጠለት ነበር። ንጉሡ ራሳቸው ከመንገድ ሥራው አልተለዩም። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ዛሬ በአንድ ቀን የምንሄድበትን ተራራና ገደል ስናይ ይህን ማስታወስ ተገቢ ነው።

ከአውራ መንገዱ ውጭ ላለው ገበሬ የመጓጓዣው ነገር እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የእግርና የበቅሎ ጉዳይ ነበር። የታመመ ሰው በቃሬዛ ተይዞ፣ ጎረምሶች እየተቀባበሉ ወደ ጤና ጣቢያ ያደርሱት ነበር። ሞተር ሳይክልን ወደ ገጠሩ ያስገቡት በመጀመሪያ የግብርናና የጤና ቢሮ ሠራተኞች፣ ከዚያም የእርዳታ ድርጅቶች ናቸው። ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ግን የሕንድ ሞተሮች በብዛት ሲገቡ ሞተሩ ከመንግሥት ሠራተኛ እጅ ወጥቶ ወደ ነጋዴውና ወደ ገበሬው ልጅ ደረሰ። እቁብ ጥሎም ሆነ ሰንጋ ሸጦ ሞተር የገዛ ወጣት ዛሬ ሰው ያመላልሳል፤ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያደርሳል፤ ምጥ የያዛትን ሴት ከቀበሌ ወደ ጤና ጣቢያ ይወስዳል። ስለዚህ ሞተሩን አጥብቄ የምወቅስ እንዳይመስላችሁ። ቃሬዛውን ያስቀረልን እርሱ ነው። ጥያቄው በሌላ በኩል ሰውን ወደ ቃሬዛ የሚመልሰው ምንድን ነው የሚለው ነው።

ከፈረስ ስም ወደ ሞተር ስም

ሰው በሚጋልበው ነገር መኩራቱ ለእኛ አዲስ አይደለም። ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዮሐንስ «አባ በዝብዝ»፣ ምኒልክ «አባ ዳኘው» ሲባሉ ስማቸው የፈረሳቸው ስም ነው። መኳንንቱም እንደዚሁ በፈረስ ስማቸው ይጠሩ ነበር። ጀግናውና የተቀመጠበት ፈረስ በአንድ ስም ይወደሱ ነበር። ዛሬ በአገራችን ወጣቱ በሞተሩ ስም ሲጠራ ስሰማ፣ ይህ ልማድ በሌላ መልክ መቀጠሉን አያለሁ። ወጣቱ «የእኔ ቦክሰር» ሲል ስለ ዕቃው ብቻ አይናገርም፤ ስለ ራሱ ጭምር ይናገራል። ሞተሩ ሲሰደብ የሚከፋውም ለዚህ ነው።

ነገር ግን ከፈረሰኛው የወረስነው ኩራቱን እንጂ ሥርዓቱን አይደለም። ሥርዓቱን ስንመለከት ሦስት ነገሮች እናገኛለን። አንደኛው ትምህርት ነው፤ ልጅ በፈረስ የሚጋልበው በታላላቆቹ ዓይን ሥር ከበቅሎና ከአህያ ጀምሮ እየተለማመደ ነው። ሁለተኛው የእንስሳው የራሱ ጥበብ ነው፤ በቅሎ ገደል ባየች ጊዜ ጌታዋ ቢጎትታትም ትቆማለች። ሰው በጨለማ፣ በድካም፣ አንዳንዴም በስካር ተቀምጦባት በሰላም ቤቱ ያደረሰችው ለዚህ ነው። ሞተር ገደል አያውቅም፤ ጌታው ወደ መራው ይሄዳል። ሦስተኛው ጋሻ ነው። የጉግስ ጨዋታ ያለ ጋሻ አይታሰብም። ፈረሰኛው ወደ ሜዳው ሲገባ ጋሻውን የሚይዘው ፈሪ ስለሆነ አልነበረም፤ ጋሻ የጨዋታው አካል ስለሆነ ነው እንጂ። የጋላቢውን ክብርና የጋላቢውን መከላከያ አንድ አድርጎ የሚያይ ባህል ነበረን። ሞተር ላይ ስንወጣ ሁለቱን ለየናቸው።

ክርክሩ የያዘው እውቀት

አሁን ወደ ጋራዡ ደጃፍ እንመለስና ክርክሩን በአክብሮት እንስማው።

የያማሃ ወገን የሆነው ሰው ብዙ ጊዜ በዕድሜ የገፋ ነው። የእርሱ መመኪያ የግብርና ቢሮው ሞተር፣ «ኤጂ 100» የሚባለው ነው። ስሙ የተወሰደው ግብርና ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሲሆን፣ ሞተሩም በእርግጥ ለእርሻ ሥራ ተብሎ የተነደፈ ነው። የፊትና የኋላ ዕቃ መጫኛ አለው፤ እግር የሚከላከል ብረት አለው፤ በጭቃ ውስጥ በዝግታ ይሄዳል። ሞተሩ ባለ ሁለት ምት ነው። የሚንቀሳቀሱ ክፍሎቹ ጥቂት በመሆናቸው በቀላሉ ይፈታል፣ ይገጠማል፤ በአንጻሩ ዘይቱን ከቤንዚን ጋር አብሮ ያቃጥላል፣ ይጨሳል፣ ነዳጅም ይበላል።

የቦክሰር ወገን ወጣት ነው፤ ሒሳብም ያውቃል። ቦክሰር ባለ አራት ምት ነው፤ ቤንዚን ይቆጥባል። ቤንዚን ከማደያ ሳይሆን በመንገድ ዳር በሃይላንድ ተሞልቶ በሚሸጥበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መለዋወጫውም በየከተማው ይገኛል። የቲቪኤሱ ወገን ደግሞ ስለ ፍጥነቱና ስለ መልኩ ይናገራል። አፓቼ የሚባለውን የያዘ ሰው የፊት ፍሬኑ የዲስክ መሆኑን ይጨምርበታል። እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን፤ የዲስክና የከበሮ ፍሬን ልዩነት እውነተኛ የደኅንነት ልዩነት ነው። ስም ምንም ለውጥ አያመጣም ብዬ አልከራከርም።

ሆኖም ብዙ ጊዜ ለስሙ የሚሰጠው ምስጋና ወይም ወቀሳ የሌላ ነገር ነው። ምሳሌ ልስጥ። «ይህ ሞተር ወረታ ላይ አንበሳ ነው፤ ነፋስ መውጫ ሲደርስ ድመት ይሆናል» ሲባል ትሰማላችሁ። ምክንያቱ አየሩ ነው። በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ 10 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር እዚያ ላይ 7 ገደማ ይሰጣል። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ካርቡሬተሩ ካልተስተካከለ ካንዴላው ይጠቁራል። ጎበዝ መካኒክ ይህን በፊዚክስ ቋንቋ ባይናገረውም በእጁ ያውቀዋል። ክርክሩ ውስጥ እውቀት አለ የምለው ይህንን ነው።

ሌላም ነገር ልብ በሉ። እኛ የፋብሪካን ስም ወስደን የዕቃው ስም ማድረግ እንወዳለን። ባለ ሦስት እግሩን ማንም ይሥራው ማን «ባጃጅ» እንለዋለን፤ የፕላስቲክ ጠርሙሱ «ሃይላንድ» ነው፤ መካከለኛው የጭነት መኪና «አይሱዙ» ነው። ሞተር ሳይክልንም አባቶቻችን ከድምፁ ተነሥተው «ዶቅዶቄ» ብለውት ነበር። ሲኖ የሚባለው ከባድ መኪና ብዙ ሰው በፈጀ ጊዜ ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» አለው። ስያሜው መራራ ቀልድ አለበት፤ ግን ጥፋቱን የሚጥለው በብረቱ ላይ ነው። ያሽከረከረው ሰው፣ የጫነው ነጋዴ፣ ያልተጠገነው መንገድ፣ ያልተቆጣጠረው መሥሪያ ቤት በስሙ ውስጥ የሉም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ። «ያ ሞተር ሰው ይጥላል»፣ «ይህኛው አይጥልም» የሚለው የጋራዥ ፍርድም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ክርክሩ የማይደርስበት ቦታ

ቋንቋችንን እንመርምር። የመኪናና የሞተር ክፍሎችን የምንጠራባቸው ቃላት አብዛኞቹ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ፓራፋንጎ ሁሉ በጋራዥ በኩል የገቡ፣ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ አጥርቶ የሚያውቃቸው ናቸው። የራስ መከላከያውን ግን ጋራዡ ስም አላወጣለትም። በኋላ ዘመን ከእንግሊዝኛ «ሄልሜት» ብለን ወሰድነው። እጅግ የሚገርመው ግን ቃሉ ቀድሞውኑ ቤታችን ውስጥ መኖሩ ነው፤ «የራስ ቁር» እንለዋለን። በቅዱስ መጽሐፍ የሰማነው፣ ጎልያድ በራሱ ላይ የደፋው እርሱ ነው። ቃሉ በቤተ ክርስቲያን ቀረ፤ ዕቃው በሱቅ ቀረ፤ ራሳችን ባዶውን ወጣ።

ዳዊት የሳኦልን ቁር አልለመድሁትም ብሎ አውልቆ ድል ነሥቷል የሚል ወጣት አይጠፋም። እውነት ነው። ነገር ግን ጎልያድን የጣለው ምን እንደሆነም ይታወስ፤ ያ ሁሉ ብረት ለብሶ ግንባሩን ያገኘው አንድ ድንጋይ ነው። የእኛም መንገድ ድንጋይ የሞላበት ነው።

ሳይንሱ የሚለውን ላቅርብ። እንግሊዛዊው ቶማስ ሎረንስ፣ «የዓረቡ ሎረንስ» የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1935 በዘመኑ እጅግ የተከበረውን ብራፍ ሱፒሪየር ሞተር እየነዳ ወድቆ ራሱን ተመትቶ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የነበረው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሂው ኬርንስ ጉዳዩ ስላሳሰበው የጦር ሠራዊቱን ሞተረኞች የጭንቅላት ጉዳት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1941 ውጤቱን አሳተመ። የራስ ቁር በሠራዊቱ ዘንድ እንዲለመድ ያደረገው ይህን የመሰለ ጥናት ነው። ልብ በሉ፤ የሎረንስ ሞተር የዘመኑ ምርጥ ስም ነበረ፤ ስሙ አላዳነውም።

ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች ተገምግመው የደረሱበት ድምዳሜ፣ የራስ ቁር በአደጋ ጊዜ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ ይቀንሳል የሚል ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። የውጭው ጠንካራ ቅርፊት ምቱን ይበትነዋል፤ የውስጡ ፎም ይሰበርና በአንጎል ፈንታ ጉዳቱን ይቀበላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተመታ ቁር ሥራውን ጨርሷል፤ ከሰልባጅ ገበያ የተገዛ የተሰነጠቀ ቁር ቆብ እንጂ መከላከያ አይደለም። የአገጩ ማሰሪያ ካልታሰረም ቁሩ ከባለቤቱ ቀድሞ መሬት ይደርሳል።

ወደ አካባቢያችን ስንመለስ ጉዳዩ ይብሳል። ጭንቅላቱ ክፉኛ የተመታ ሰው ከወገዳ ወይም ከአርብ ገበያ ተነሥቶ ደብረ ታቦር ደርሶ፣ ከዚያም ወደ ጎንደር ወይም ወደ ባሕር ዳር ትላልቅ ሆስፒታሎች መላክ ሊኖርበት ይችላል። ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር ብቻ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከተማ ውስጥ ሐኪም የሚያድነው ጉዳት በእኛ አገር በመንገድ ላይ ይገድላል። ሕክምናው ሩቅ የሆነበት ሰው መከላከያውን ይበልጥ ሊያቀርብ ይገባዋል።

ከቁሩ ሌላ የጋራዡ ክርክር የማያነሣቸው አራት ልማዶች አሉ። ሁሉም በየትኛውም ስም ሞተር ላይ እኩል ይገድላሉ።

የመጀመሪያው ሞተር አጥፍቶ ወይም ማርሽ አውጥቶ ቁልቁለትን መልቀቅ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ይደረጋል። ማርሽ ውስጥ ያለ ሞተር ግን ራሱ ፍሬን ነው። እርሱ ሲለቀቅ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ በረጅም ቁልቁለት የከበሮ ፍሬን ይግልና መያዝ ያቆማል። የተቆጠበው የጥቂት ብር ቤንዚን ነው።

ሁለተኛው ትርፍ መጫን ነው። አንድ መቶ ኪሎ ግራም ገደማ በሚመዝን ሞተር ላይ እያንዳንዳቸው 60 ኪሎ የሚመዝኑ ሦስት ሰዎች ሲቀመጡ ሸክሙ ከተሸካሚው በእጅጉ ይበልጣል። ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚያደላ የፊት ጎማው ይቀልላል፤ መሪው አይታዘዝም።

ሦስተኛው ልብስ ነው። ጋቢያችንና ነጠላችን ክብራችን ናቸው፤ ጫፋቸው ከሰንሰለቱ ወይም ከኋላ ጎማው ሽቦ ጋር ሲጠላለፍ ግን ተሳፋሪውን ጎትተው ይጥላሉ። እናቶቻችን ለጨዋነት በጎን ሲቀመጡ ደግሞ የሚይዙት ነገር ስለሌላቸው በአንድ ጉድጓድ ይወድቃሉ። ሞተረኛው ተሳፋሪውን ሲያስቀምጥ «ነጠላዎን ያጣፉልኝ፣ እማማ» ማለት ሥራው ነው፤ ድፍረት አይደለም።

አራተኛው ፍጥነት ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ ውስጥ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከጉሙ ውስጥ የወጣች ላም አይቶ እጁ ፍሬኑን እስኪነካ ድረስ ሞተረኛው ያን ያህል ሄዷል፤ በነፋስ መውጫ ብርድ ጣቱ ደንዝዞ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ። ፍጥነት ከ30 ወደ 60 ሲያድግ የግጭቱ ጉልበት በሁለት እጥፍ ሳይሆን በአራት እጥፍ ያድጋል። ይህን ተማሪዎቼ በስምንተኛና በዘጠነኛ ክፍል ተምራችኋል፤ ከመንገዱ ጋር ግን አላገናኘነውም።

ተፎካካሪዎቹ ዘመዳሞች ናቸው

ስለ ስሞቹ ፉክክር አንድ ነገር ልጨምር። እኛ የምንጣላላቸው ስሞች እርስ በርሳቸው የተዛመዱ ናቸው። ባጃጅ የሚባለው የሕንድ ኩባንያ በመጀመሪያ የጣልያኑን የፒያጆ ቬስፓ በፈቃድ ይሠራ ነበር። ባለ ሦስት እግሩም የዘር ሐረጉ ከፒያጆ «አፔ» ይመዘዛል፤ «አፔ» በጣልያንኛ ንብ ማለት ነው። ቦክሰር የተወለደው ባጃጅ ከጃፓኑ ካዋሳኪ ጋር ባደረገው ትብብር ነው። ቲቪኤስ ደግሞ እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ድረስ የሱዙኪ ሸሪክ ነበር። ያማሃ ሙዚቃ መሣሪያ ሠሪ ነበር፤ ዛሬም ዓርማው ሦስት የድምፅ መቃኛ ሹካዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያማሃ የሆንዳን የመሪነት ቦታ ልውሰድ ባለ ጊዜ ሆንዳ በ18 ወራት ውስጥ ከመቶ በላይ አዳዲስና የታደሱ ሞዴሎች አውጥቶ አሸነፈው። ውድድሩ የተካሄደው በሞዴል ብዛትና በዋጋ ነበር። ፋብሪካ የሚወዳደረው ገዢ በሚጠይቀው ነገር ነው፤ ገዢ ስለ ደኅንነት ካልጠየቀ ፋብሪካውም ስለ ደኅንነት አይወዳደርም።

ካልጠየቀ ደግሞ ሕግ ይጠይቅለታል። የሕንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በአገሩ የሚሸጡ ከ125 ሲሲ በላይ የሆኑ ሞተሮች ጎማው እንዳይቆልፍ የሚከላከል ፍሬን፣ ከዚያ በታች የሆኑት የፊትና የኋላውን የሚያጣምር ፍሬን እንዲኖራቸው አስገድዷል። የታዘዙት እነዚሁ እኛ የምናውቃቸው ፋብሪካዎች ናቸው። ስለዚህ «የትኛው ስም ይሻላል?» ከሚለው ይልቅ «ይኸው ፋብሪካ ለሕንድ ገዢ የሚሰጠውን ፍሬን ለእኛ ይሰጠናል ወይ?» የሚለው የተሻለ ክርክር ነው።

ቬትናምም ትምህርት ትሆናለች። እንደ እኛው ብዙ ገንዘብ የሌላት፣ ሞተር ግን የሞላባት አገር ነበረች። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 15 ቀን 2007 የራስ ቁርን በሁሉም መንገድ ግዴታ ስታደርግ የሚያጠልቀው ሰው በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ ሆነ። ሕዝቡ አይለብሰውም፣ ይሞቃል፣ ጠጉር ያበላሻል ይባል የነበረው ሁሉ እዚያም ይባል ነበር።

በእኛም አገር ሕጉ አለ። የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ሞተረኛው የራስ ቁር እንዲያደርግ ያዝዛል። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ደግሞ በተሽከርካሪ ለተጎዳ ሰው የአስቸኳይ ሕክምና ደንግጓል። ይህን የሚያውቅ ሞተረኛና ተሳፋሪ በገጠሩ ጥቂት ነው። ሌላው መንገድ ክልከላ ነው። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. በሞተር በሚፈጸም ወንጀል ምክንያት የሞተር ሳይክልን እንቅስቃሴ ከልክላ ነበር። ያ ታክሲ ላለው ከተማ ይሆን ይሆናል፤ ለስማዳ ግን ክልከላ ማለት ቃሬዛውን መመለስ ማለት ነው።

ምን እናድርግ?

ልማድ በስብከት ብቻ አይለወጥም፤ ሰው በሚያከብረው ሥርዓት ውስጥ ሲገባ ይለወጣል። ሦስት ሐሳቦች አሉኝ።

አንደኛ፣ እቁቡ። ወጣቱ ሞተር የሚገዛው ብዙ ጊዜ በእቁብ ነው። እቁቡ የሞተሩን ዋጋ ሲቆርጥ የሁለት ቁር ዋጋ አብሮ ይቁረጥ፤ አንዱ ለሞተረኛው፣ አንዱ ለተሳፋሪው። ኪጋሊ ላይ ሞተረኛው ለተሳፋሪው ሁለተኛ ቁር ይዞ ይዞራል። ጥምጣም ላላቸው አባቶቻችን ምን እናድርግ የሚለውን እነርሱኑ አማክረን መፍትሔ እንፈልግለት፤ ሳንጠይቃቸው ከሕጉ ውጭ አንተዋቸው።

ሁለተኛ፣ ጋራዡ። ወጣቱ ከትራፊክ ፖሊሱ ይልቅ መካኒኩን ይሰማል። ሰንሰለት ሲያጠብቅ የቁሩን ማሰሪያ የሚያይ፣ ፍሬን ሲቀይር ማርሽ አውጥቶ ስለ መውረድ የሚናገር መካኒክ ከመቶ ፖስተር ይበልጣል። ዩኒቨርሲቲያችን ለማኅበረሰብ አገልግሎት ከሚመድበው ጊዜ ጥቂቱን ለእነዚህ ባለሙያዎች ቢሰጥ ከእነርሱም ብዙ ይማራል።

ሦስተኛ፣ ክርክሩ ራሱ። ክርክሩ ይቁም አልልም፤ ይስፋ እላለሁ። በመካከላችሁ ሞተር የምትነዱ ተማሪዎች ብዙ ናችሁ። ለበዓል ወደየአገራችሁ ስትገቡ ጋራዡ ደጃፍ ላይ «የቱ ይሻላል?» ሲባል አራት ጥያቄዎች ጨምሩበት። ፍሬኑ ምን ዓይነት ነው? ቁልቁለቱን የሚወርደው በማርሽ ነው ወይስ ተለቅቆ? ስንት ሰው ይጭናል? ነጂውና ተሳፋሪው ራሳቸው ላይ ምን አለ? ያማሃ የሚወድም፣ ቦክሰር የሚወድም እነዚህን መመለስ ይቻለዋል። በእነዚህ የተሸነፈ ሞተር ስሙ ማንም ይሁን ማን ተሸንፏል።

ይህ አገር ጋላቢውን ከጋሻው ጋር አንድ አድርጎ ያከበረ አገር ነው። ሞተረኛውን ከቁሩ ጋር አንድ አድርገን ማክበር ስንጀምር የሚተርፉት የእናንተ ወንድሞችና እኅቶች ናቸው። ጥያቄዎቻችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።